የኤፕሪል ቤንዚን በኖቬምበር

ይሄ ጽሑፍ ሚኒሶታ ለምትኖሩ ነው። ካናዳና ሚቺጋን ያላችሁም ግቡ። ዳላስ ያላችሁ ሳቁብን፣ መብታችሁ ነው።

አምና የመጀመሪያው በረዶ እንደጣለ ስኖው ብሎወሬን (በረዶ መጥረጊያ ማሽኔን) ከጋራዥ ጎትቼ አወጣሁት። ቾኩን ሳብኩ፣ ገመዱን ጎተትኩ፣ ትከሻዬ እስኪገነጠል ጎተትኩ። ዝም። ሚኒያፖሊስ ደግሞ በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የደጃፍህን የእግረኛ መንገድ ካላጸዳህ ከተማው አስጸድቶ ሂሳቡን ሊልክልህ ይችላል። ስለዚህ ሮጥኩ፣ መደብር ሄጄ «ለክረምት» የሚል ጽሑፍ ያየሁበትን ጠርሙስ ሁሉ ሰብስቤ መጣሁና ሁለቱን አከታትዬ ገለበጥኩበት። አሁንም ዝም።

ሰፈራችን ውስጥ ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ ይሠሩ የነበሩ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። መጥተው የሰልባቲዮውን (የነዳጅ ማጠራቀሚያውን) ክዳን ከፍተው አሸተቱ።

«መቼ የተቀዳ ነው?»

«ኤፕሪል መሰለኝ ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ ቤንዚን ነው? ቫርኒሽ እኮ ነው! አንተ ደግሞ ለሞተ ሰው ቫይታሚን ትሰጣለህ።»

ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ሲፈቱት ታች ሙጫ የመሰለ ነገር ተጋግሯል፣ ነዳጅ የሚያልፍባት መርፌ የምታክል ቀዳዳም ተደፍናለች። ከማደያ የምንቀዳው ተራ ቤንዚን 10 በመቶ ገደማ ኢታኖል አለው። ኢታኖል ውኃ ይወዳል፣ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ውኃው ሲበዛ ከኢታኖሉ ጋር ተያይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ካርቡራተሩ የሚጠጣው ደግሞ ከታች ነው። ቤንዚኑ ራሱም ወራት ሲቆይ ቀላል የሆነው ክፍሉ ይተንና የቀረው ሙጫ ይሆናል።

እንግዲህ የጠርሙሱ ነገር። ስታቢል የሚባለው ቀዩ፣ ቤንዚን እንዳይበላሽ ማቆያ ነው፣ ማዳኛ አይደለም፤ ቤንዚኑን በቀዳችሁበት ቀን ነው የሚጨመረው፣ 1 አውንስ ለ2.5 ጋሎን። ከጨመራችሁ በኋላ ሞተሩን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አስነሱት፣ አለዚያ መድኃኒቱ ሰልባቲዮ ውስጥ ቀርቶ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው አሮጌው ነው። ሲ ፎም ማቆያም ነው፣ በመጠኑም ያጸዳል፣ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፣ ለማቆያ ለአንድ ጋሎን 2 አውንስ። ግን ቀዳዳው ከተደፈነ ምንም ጠርሙስ አይከፍተውም፣ መፈታት አለበት፣ አራት ነጥብ።

ሂት የሚባለው፣ ነዳጁ ውስጥ የገባ ውኃ በረዶ እንዳይሆን መከላከያስ? ቢጫው ሜታኖል ነው፣ ለትንሽ ሞተር አልመክርም። ቀዩ አይሶፕሮፓይል ስለሆነ ይሻላል፣ ግን አስቡት፣ ቤንዚኑ ውስጥ አስቀድሞ 10 በመቶ አልኮል እያለ ሌላ አልኮል መጨመር ምን ይፈይዳል? ኦክቴን (የቤንዚኑን ደረጃ ቁጥር) ማሳደጊያውንማ ተዉት፣ ብር መጣል ነው።

ከጠርሙሱ ሁሉ በፊት የሚመጣው ግን ማደያው ነው። እዚህ ሚኒሶታ ብዙ ማደያዎች ኢታኖል የሌለው 91 ኦክቴን አላቸው፤ ፓምፑ ላይ ለጀልባ፣ ለሞተር ሳይክል፣ ለስኖው ሞቢልና ለትንንሽ ሞተሮች ብቻ የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ውድ ነው፣ ግን ለአንድ ክረምት ስንት ጋሎን ልትጨርሱ ነው? E15 የሚለውን (15 በመቶ ኢታኖል ያለበትን) ግን እንዳትነኩት፣ ለትንሽ ሞተር አልተፈቀደም።

ካርቡራተሩን ጋሼ አጥበው መለሱልኝ፣ አሮጌውንም ቤንዚን ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ወሰድኩት (መሬት ላይ እንዳትደፉ)። ዘንድሮ በረዶው ሲያልቅ የነዳጁን መዝጊያ ዘግቼ ሞተሩ ራሱ ጠጥቶ ጨርሶ እስኪጠፋ አስነሳሁት። ጀሪካኑ ላይም የተቀዳበትን ቀን በማርከር እጽፋለሁ። ጋሼ ባለፉ ቁጥር እሱን ነው መጀመሪያ የሚያነቡት።