ስኬሉን ጣቴ አወቀው፣ ጆሮዬ ግን ገና ነው፦ የአራት ወር የቤዝ ልምምድ

ቤዝ ጊታር መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሞላኝ። ባለአራት ክር ነው። የስኬል (በቅደም ተከተል የሚወጡና የሚወርዱ ኖታዎች) ልምምዴ የት እንደደረሰ፣ የት ላይም እንደተያዝኩ ላጫውታችሁ። እንደኔ ጀማሪ የሆነ ሰው አንድ ነገር ካተረፈበት ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያው ወር የያዝኩት የሜጀር ስኬልን (ፈካ ያለ ድምፅ ያለውን) ቅርጽ ነው። ጂ ሜጀርን እንውሰድ። የመሃል ጣት በወፍራሙ ክር 3ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት ዘንጎች የተከፈለ ቦታ) ላይ፤ ይሄ ጂ የሚባለው ኖታ ነው። ትንሿ ጣት እዚያው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ፤ ኤ። ቀጣዩ ክር ላይ 2፣ 3፣ 5። ሦስተኛው ክር ላይ 2፣ 4፣ 5። በቃ፣ ጂ ላይ ተመልሰን ደረስን። ለአራት ፍሬት አራት ጣት ስለተመደበ እጅ ከቦታው አይነሳም።

ቤዝ ላይ ደስ የሚለው ነገር የክሮቹ ርቀት እኩል መሆኑ ነው። ከኢ (ወፍራሙ ክር) ወደ ኤ፣ ከኤ ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ ጂ ሁሌም አምስት ፍሬት ነው። ባለስድስት ክር ጊታር ላይ ከጂ ወደ ቢ ሲኬድ አራት ይሆንና ቅርጹ ይቀየራል። እኛ ጋ አይቀየርም። ያንኑ ቅርጽ ሁለት ፍሬት ወደ ፊት ስትገፉት ኤ ሜጀር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ያዘናጋኝም ይሄው ቅለቱ ነው። አንድ ቀን ጊታር የሚጫወት ጓደኛዬ "እስቲ ጂ ሜጀርን ከቢ ጀምረህ ውረድ" አለኝ። እጄ ደርቆ ቀረ። ለካ የማውቀው ከታች ወደ ላይ፣ ከጂ እስከ ጂ ብቻ ነው። የኖታዎቹንም ስም ቆም ብዬ ካልቆጠርኩ አላውቃቸውም። በጣም ከነከነኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጌ፣ በአንድ ምት አንድ ኖታ ብቻ፣ ስሙን ጮክ ብዬ እየጠራሁ መጫወት። ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ (ከኤፍ በአንድ ፍሬት ከፍ ያለው)፣ ጂ። ስሙ ከአፌ ካልወጣ ጣቴም አይነካም። ሳምንቱን ሙሉ ከጂ ሜጀር አልወጣሁም። አስራ ሁለቱንም ቁልፍ (ስኬሉ የሚነሳባቸውን ኖታዎች) በአንድ ጊዜ ያዙ የሚል ምክር ብዙ ሰምቻለሁ፤ ለኔ ግን አልሆነም። አንዱን ከየትም አስነስቶ የትም ማሳረፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዝግ ስል ደግሞ በፍጥነት ስጫወት ተሸፍኖ የቆየ ጉድ ወጣ። ወደ ሦስተኛው ክር ስሻገር ከበስተኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ክፍት የቀረው የኢ ክር ነበር። የቀኝ አውራ ጣቴን ሁልጊዜ ፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ) ላይ ስለማሳርፈው ወፍራሙን ክር የሚይዘው የለም። አሁን ኤ እና ዲ ክር ላይ ስሆን አውራ ጣቴ ወርዶ ኢ ላይ ያርፋል። ዲ ክርን የመታችው ጣት ደግሞ አልፋ ኤ ክር ላይ ስለምታርፍ እሱንም ዝም ታሰኘዋለች። ይሄን ለማስለመድ ብቻ አስር ቀን ግድም ፈጅቶብኛል። ቅጂዬን መልሼ ስሰማው ግን እውነትም ልዩነት አለው። ኖታው ጥርት ብሎ ይጀምራል፣ ጥርት ብሎ ያበቃል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በሌላ በኩል ነው። ከስልኬ ላይ አንድ ረጅም የጂ ድምፅ እከፍትና ስኬሉን በላዩ ላይ እጫወታለሁ። እያንዳንዱ ኖታ ላይ አራት ምት እቆያለሁ። ዲ ላይ ስትቆሙ ሁለቱ ድምፆች ተዋህደው ይተኛሉ። ቢ ላይ ድምፁ ፈገግ ይላል። ኤፍ ሻርፕ ላይ ግን መቆም አይቻልም፤ አንድ ፍሬት ብቻ የቀረውን ጂ እየጠራ ያስጨንቃል። ጂ ላይ ስትደርሱ ትንፋሽ ይመለሳል። እስከዚያች ቀን ድረስ ኤፍ ሻርፕ ለኔ "4ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት" ነበር። አሁን ሳልነካው በፊት ይሰማኛል።

ፍጥነቱ አሁን 80 ላይ ነው፣ በአንድ ምት ሁለት ኖታ። ሲወርድ አሁንም ይንገዳገዳል። በተለይ ከዲ ክር 2ኛ ፍሬት ወደ ኤ ክር 5ኛ ፍሬት፣ ማለትም ከሌባ ጣት ወደ ትንሿ ጣት ስዘል ትንሽ እዘገያለሁ። ስለዚህ እነዚያን ሁለት ኖታዎች ብቻ ነጥዬ፣ ኢ ዲ፣ ኢ ዲ እያልኩ ሁለት ሁለት ደቂቃ እመላለስባቸዋለሁ። ትንሿ ጣት ስትደክም ደግሞ አቆማለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አንገቱን በአውራ ጣቴ ጨምድጄ እይዝ ስለነበር የእጅ አንጓዬ ታሞብኝ ያውቃል፤ እባካችሁ ሕመሙን ችላችሁ አትቀጥሉ።

ከሳምንት በፊት ማይነር (ጨለም ያለ ድምፅ ያለው ስኬል) ገባሁ። የተለመደው ጂ ማይነር በወፍራሙ ክር 3፣ 5፣ 6፣ በኤ ክር 3፣ 5፣ 6፣ በዲ ክር 3 እና 5 ነው። እዚህ የሚጀምረው ሌባ ጣት ነው። ያው የጂ ድምፅ ከታች ተከፍቶ ቢ ፍላት (ከቢ በአንድ ፍሬት ዝቅ ያለው) ላይ ስቆም፣ ቢ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፍቶ ክፍሉ ጨለም ያለ ይመስለኛል። ትናንት ማታ ቢ እና ቢ ፍላትን እያፈራረቅኩ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም አልተለማመድኩም።