ነፍሱ የወደቀችበት ደብል ቤዝ

ጥር 9 ቀን ነበር። ጎንደር ለጥምቀት እንግዳ ስትቀበል ምን እንደምትመስል ያየ ያውቃል። ፒያሳ መቆሚያ የለም፣ ሆቴል አልጋ የለም፣ ሙዚቀኛም ዕረፍት የለውም። እኔም ሁለት ሥራ በአንድ ቀን ያዝኩ። ከቀትር በኋላ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከቫዮሊንና ከቼሎ ጋር ክላሲካል፣ ማታ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ጃዝ። ደብል ቤዜ ግን፣ ያ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ባለ አራት ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ አንድ ነው። ሁለተኛ ቢኖረኝስ በምን ላጓጉዘው? ባጃጅ አይገባም። ተሸክሜው ስሄድ ልጆች «የማን ሬሳ ነው?» እያሉ ይከተሉኛል።

ያን ጊዜ አንድ ዘዴ ነበረኝ። ለክላሲካል ፍሌክሶኮር የሚባለውን የጀርመን ክር እጠቀማለሁ። ለቀስት ቶሎ ይታዘዛል፣ ድምፁም ጠቆር ያለ ነው። ለጃዝ ስፓይሮኮር የሚባለውን የቪየና ክር እለውጣለሁ። በጣት ሲመታ ድምፁ ቶሎ አይሞትም፣ ይረዝማል። ብዙ ጊዜ የምለውጠው ከሥራው ሁለት ሦስት ቀን ቀድሜ፣ አንድ በአንድ ነበር።

የዚያን ቀን የአዳራሹ ፕሮግራም 10 ሰዓት ላይ አለቀ። ጃዙ 1 ሰዓት ይጀምራል። ሆቴሉ ዕቃ ቤት ውስጥ ገብቼ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ ለመፍጠን ብዬ አራቱንም ክር በአንዴ አላላሁ።

ክሮቹን ከገጹ ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት፣ ብሪጁ፣ ጭኔ ላይ ወደቀ። እሱ ምንም አይደል፣ በክሩ ጫና ብቻ ነው የሚቆመው። ግን ከሆዱ ውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የሆነ ነገር ሲንከባለል ሰማሁ። ላብ አጠመቀኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ቤዝ ውስጥ፣ ከቀጭኑ ክር በኩል ካለው የብሪጅ እግር ትንሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ድቡልቡል እንጨት ቆሟል። ከላይኛው ገጽ የሚመጣውን ንዝረት ወደ ጀርባው ያደርሳል፣ ገጹንም ደግፎ ይይዛል። ሙጫ የለውም፣ ምስማር የለውም። በሁለቱ ገጾች መሃል ተጣብቆ ብቻ ነው የሚኖረው። ጣሊያኖች «አኒማ» ይሉታል፣ ነፍስ ማለት ነው። እያንዳንዱ ክር 30 ኪሎ ገደማ ይጎትታል። ያን ሁሉ ጫና በአንዴ ስታነሳ ነፍስም ትወድቃለች። እንደነገሩ ቆማ የነበረችውን እኔ ገፋኋት።

ያለ ነፍስ ክሩን መልሼ ብወጥረው ደግሞ ገጹ ሊሰምጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቤዝ የሚጠግን ሰው በከተማው አላውቅም። የልብስ መስቀያ ሽቦ አጠፍኩ። አንድ አስተናጋጅ በስልኩ መብራት ያዘልኝ። በቀዳዳው ሽቦውን አስገብቼ እንጨቱን ሳቆም ይወድቃል፣ ሳቆም ይወድቃል። አስተናጋጁ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ በኋላ እሱም ዝም አለ።

1 ሰዓት ሞላ። ፒያኒስቱ መጥቶ አየኝና «ምን ነካህ? ለምን ትነካካዋለህ?» ብሎ ወጣ። እውነቱን ነው።

ከእኛ በፊት የሚጫወቱት መሰንቆ ተጫዋች አባት ነገሩን ሰምተው ዕቃ ቤት ድረስ መጡ።

«ምን ሆነብህ ልጄ?»

«ነፍሱ ወደቀች ጋሼ።»

«የማን ነፍስ?»

አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «በል አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ አቆይልሃለሁ» ብለው ተመለሱ። ያቆዩልኝ እንዴት መሰላችሁ? እኔን እየገጠሙብኝ። በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር፦

«ቁመቱ ሰው በልጦ እንዲያ ግዙፍ ሆኖ፣
ነፍሱ ሆዱ ወድቃ ድምፁ ቀረ መንኖ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስተናጋጁም መብራቱን ጣለው።

ለ2 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነፍስ ቆመች። አዲስ የገባ ክር ደግሞ ገና እስኪለምድ ድረስ ቅኝቱ አይጸናም። ስለዚህ የወጡትን አሮጌዎቹን የክላሲካል ክሮች መለስኩ፣ በብሪጁ እግሮች ላይ ያሉትን የከፍታ ማስተካከያ ጥርስ ጎማዎች አዙሬ ብሪጁን ትንሽ ዝቅ አደረግኩት፣ ከቀስቱ ክሩ ላይ የቀረውን ሙጫ፣ ሮዚኑን፣ በጨርቅ ጠረግኩና ወጣሁ። እያፈርኩ ነው የጀመርኩት። ድምፁ አጠር ያለ ነው፣ ከበሮው ጋ ግን እንደ ልብ ትርታ ገጠመ። ከሦስተኛው ዜማ በኋላ ያ የተቆጣኝ ፒያኒስት ጠጋ ብሎ «ዛሬ ድምፅህ ወፈረ፣ አዲስ ክር ገዛህ እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስንት ብር ለሁለት ዓይነት ክር አወጣሁ! እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ በፊት ጃዙም ክላሲካሉም በአብዛኛው የሚጫወተው እንደ በገናችን በአንጀት ጅማት ነበር። ልዩነቱ የሰፋው የብረት ክርና ማጉያ ከመጡ ወዲህ ነው። ታዋቂው አሜሪካዊ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ሮን ካርተር ራሱ ጃዝ ላይ ከመንገሡ በፊት ክላሲካል ቤዝ ተምሮ በ1959 ነው ኢስትማን ከሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቀው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ማወቅና ማድረግ ለየቅል ሆኑብኝ እንጂ።

አሁን ቤዙ ላይ ፍሌክሶኮር ብቻ አለ። ለቀስት ሥራ ቀጭኑን ክር፣ ሶሉን፣ ጣት ከሚጫንበት እንጨት (ከፊንገርቦርዱ) ጫፍ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አደርገዋለሁ፣ ለጃዝ 6 ላይ አወርደዋለሁ። ጎማዎቹ ላይ በእርሳስ ምልክት አለ። ሳዞር ክሮቹን ጥቂት አላላለሁ፣ ጥቂት ብቻ። የክር ለውጥ ሲመጣ አንዱ ገብቶ ሳይወጠር ሌላው አይወጣም። እርግጥ በጃዝ ፈጣን ዜማ ላይ ስፓይሮኮሩ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

እኒያ አባት ጋር ፒያሳ ላይ አንዳንዴ እንገናኛለን። ስለ ጤናዬ ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ነፍሱ ደህና ናት?» ይላሉ።

«ቆማለች ጋሼ።»

«ተመስገን» ብለው መሰንቋቸውን አንጠልጥለው ያልፋሉ።