የሠርጋችን ሦስተኛው ዲቪዲ እና የ14 ሺህ ብሯ ኮምፒውተር

በ2016 ጥምቀት አማቴ ከአሰላ መጥተው አንድ ሳምንት ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ቡና ላይ "እስቲ ያንን የሠርጋችሁን ካሴት ክፈቱልኝ" አሉ። ካሴት የሚሉት ዲቪዲውን ነው። የተጋባነው ጥር 1998 ነው። ቪዲዮ አንሺው ያኔ ሦስት ዲቪዲ ሰጥቶናል፤ ሽፋኑ ላይ እኔና ባለቤቴ በልብ ቅርጽ ውስጥ ተቀምጠናል፣ ከኋላችን ደግሞ ሁለታችንም ሄደንበት የማናውቀው ፏፏቴ ይወርዳል። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፣ የልጄ ላፕቶፕ ዲቪዲ ማስገቢያ የለውም። "ነገ እናሳይዎታለን" አልኳቸው። ነገ ነገ እያልን ሳምንቱ አለቀና ሳያዩ ሄዱ።

በሦስተኛው ዲቪዲ ላይ ቅልቅሉ አለ፤ አሰላ፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ የተደረገው። አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ቆመው ሲመርቁን የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነው። ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ይሄን እያወቅኩ ነገ ማለቴ ከነከነኝ። የቤት ሰርቨር ያቆምነው ለዚህ ነው።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ሰርቨር ሲባል ቁም ሳጥን የሚያህል፣ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት የሚያጓራ ነገር ይመስለኝ ነበር። ልጄ ነው "እማ፣ የማይጠፋ ኮምፒውተር ማለት እኮ ነው" ያለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ኮምፒውተር ቪዲዮውንም ፎቶውንም መዝሙሩንም ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ቴሌቪዥኑና ስልኮቹ በቤቱ ዋይፋይ ከእሱ ላይ ይከፍታሉ። ኢንተርኔት አይፈልግም። ፓኬጁ አልቆም ቢሆን ራውተሩ እስከበራ ድረስ ይሠራል። ቤታችን ውስጥ ያሉትን ፍላሾች ሰብስበን ስንቆጥር አሥራ አንድ ነበሩ፤ ስድስቱ ላይ ያለው ያው አንድ ዓይነት መዝሙር ነው።

ግንቦት ላይ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት ያገለገለ ኮምፒውተር ከሚሸጡ ሱቆች አንዱ ገባሁ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050 ማይክሮ የሚባለውን አገኘሁ። ጎኑና ጎኑ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ አራት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ወፍራም መዝገበ ቃላት የሚያህል ነው። 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ 14 ሺህ ብር። (ዶላር ሐምሌ ላይ ሳይለቀቅ በፊት ነው፤ ዛሬ በዚህ ዋጋ ፈልጋችሁ ብታጡ እኔን እንዳትሉኝ።) የፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ማለት ነው፣ ትውልድ እንድጠይቅ ልጄ አጥንቶ ስለነገረኝ "ሰባተኛ ጀነሬሽን ነው?" አልኩት ሻጩን። "ሰባተኛ ነው ማዘር" አለኝ። ማዘር ማለቱ ቅር ብሎኝ ነው መሰለኝ፣ ሳላስከፍት ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብተን ስናበራው ፕሮሰሰሩ አይ 5-6500ቲ ይላል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር ነው ጀነሬሽኑ፤ ስለዚህ ስድስተኛ ነው። ይሄ ሞዴል ስድስተኛም ሰባተኛም ይዞ ስለሚመጣ የላዩን ጽሑፍ አይቶ መለየት አይቻልም። ልዩነቱ ለሌላ ሥራ እምብዛም ነው፣ ለቪዲዮ ግን አለ። የባለቤቴ ወንድም በአይፎን የሚያነሳቸው የክርስትናና የልደት ቪዲዮዎች አስር ቢት ኤችኢቪሲ በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ የተጨመቁ ናቸው። ሰባተኛው በውስጡ ባለው ግራፊክስ፣ ማለትም የምስል ክፍል፣ በቀላሉ ይፈታቸዋል፤ ስድስተኛው ግራፊክሱ የሚችለው ስምንት ቢቱን ብቻ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ካልቻለ ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ማራገቢያው የወፍጮ ቤት ያህል ይጮሃል፣ ቪዲዮው ደግሞ እየቆመ ይሄዳል። ተመልሼ ሄድኩ። ተከራከርን። በመጨረሻ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ጨምሮ ሸኘኝ። አሥራ ሁለተኛ ፍላሽ!

ሶፍትዌሩ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ ብዙ አላወራበትም። ልጄ በዊንዶውስ ፈንታ ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ጫነ፣ ላዩ ላይ ቪዲዮውን ለቴሌቪዥኑና ለስልኮቹ የሚያቀርበውን ጄሊፊንን። ፕሌክስ የሚባለውም ጥሩ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ቪዲዮውን በግራፊክስ ልፍታ ስትሉት ደንበኝነት ክፈሉ ይላል፣ ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። ጄሊፊን በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ኤምቢ ከሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ማንም ምንም አይጠይቃችሁም። ከድሮው ላፕቶፕ የወጣውን ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ሆዱ ውስጥ አስገባንለት፤ ከኋላ አንድ ብሎን ፈትቶ ክዳኑን ወደፊት መግፋት ነው። ስንከፍተው ታዲያ አቧራው! አዳማ የምትኖሩ የኛን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ዘግታችሁ እንኳ ማታ ጠረጴዛው ላይ በጣት ይጻፋል። አሁን በየሦስት ወሩ በቀለም ብሩሽ አጸዳዋለሁ።

ከንፋሱ የባሰው መብራቱ ነው። በረንዳዬ ላይ ቆሜ ተራራው ላይ ተርባይኖቹ ሲዞሩ አያለሁ፣ ከኋላዬ ቤቱ ጨለማ ነው። የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የንፋስ ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት ናቸው፣ ድምሩ 204። የኔዋ ኮምፒውተር 15 ዋት ብትበላ ለ13 ሚሊዮን ከስድስት መቶ ሺህ እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ይበቃል ማለት ነው። መብራት በሌለበት ሰዓት የሠራሁት ሂሳብ ነው። እናም ማንም ይሄን ሳጥን የሚገዛ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ስትበራ ኤፍ 2 ተጭኖ ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ መግባትና ኤሲ ሪከቨሪ የሚለውን ፓወር ኦን ላይ ማድረግ ነው። መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካት ራሷ ትነሳለች። ለራውተር የሚሸጡት፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆዩት ትንንሽ ዩፒኤሶች 12 ቮልት ናቸው፤ የሷ ቻርጀር 19.5 ስለሆነ አያስነሷትም። እኔ ቢሮ የተጣለ ትልቁን ዩፒኤስ ለምኜ ባትሪ ብቻ ቀየርኩለት፣ እሱ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው።

አንደኛውና ሁለተኛው ዲቪዲ ሳያስቸግሩ ተገለበጡ። ማንበቢያውን ከጓደኛዬ ተውሼ በዩኤስቢ ሰካሁት። "ሠርግ 1998" ብዬ ፊልሞች የሚለው ክፍል ውስጥ አስገባሁና ቴሌቪዥኑን ስከፍት ሠርጌ ላይ ሽጉጥ የያዘ ፈረንጅ ቆሟል። ጄሊፊን በስሙና በዓመቱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ የኛን 1998 የፈረንጅ 1998 አድርጎ፣ የሆነ የአሜሪካ ፊልም ፖስተርና ታሪክ ለጥፎልኛል። ባለቤቴ እየሳቀ "አንቺ፣ እንዲህ ያለ ሚዜ ነበረኝ እንዴ?" አለ። የቤት ቪዲዮ የሚባል ለብቻው ክፍል አለ፤ እዚያ ሲገባ ምንም አይፈልግም፣ የጻፋችሁለትን ስም ብቻ ያሳያል። በአማርኛም ያሳያል።

ሦስተኛው ግን ጀርባው ተጭሯል፣ ጠርዙ ደግሞ እንደ ሻይ ቅሪት ያለ ቡናማ ሆኗል። ስንገለብጠው 40 ከመቶ ላይ ይቆማል። ልጄ ዲዲሬስኪው የሚባል ነገር አገኘ። እንደ ተራ ኮፒ የተበላሸው ቦታ ላይ ተጣብቆ አይቀርም፤ መጀመሪያ ደህናውን ሁሉ ይሰበስባል፣ የከበደውን ዘሎ ያልፋል፣ ከዚያ እየተመለሰ በጥቂት በጥቂቱ ይፍቃል። የት እንደደረሰ ደግሞ በትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አስጀምረን ተኛን። ሌሊቱን ስነቃ የማቀዝቀዣው ድምፅ የለም። መብራት ሄዷል። ዩፒኤሱ ገና አልመጣም። ጠዋት ያንኑ ትእዛዝ ደግመን ስንሰጠው ከመዝገቡ አይቶ ካቆመበት ቀጠለ። ልጄን አቀፍኩት፣ "እማ፣ አረፍዳለሁ" አለኝ።

ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። ከ4.3 ጊጋ ባይት ውስጥ ያልተነበበው 11 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፣ በቪዲዮ ቢለካ አሥራ አምስት ሰከንድ ገደማ። የት ላይ ይሆን ብለን ስናይ ምርቃቱ ላይ ሆኖ ተገኘ። አማቼ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል፣ "ውለዱ፣ ክበ—" ይላሉ፣ ምስሉ በትንንሽ ካሬ ይሰባበራል፣ አፋቸው እንደተከፈተ ይቆማሉ። ከዚያ ግቢው በሙሉ "አሜን!" ይላል። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ መልሶ አየውና ምንም ሳይል ወጣ። ቅጂውን በዚያው ሳምንት ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርገን አዲስ አበባ ወንድሙ ጋ ላክን።

አማቴ ለመስቀል መጡ። እንጀራ እንኳ ሳይቀምሱ "ካሴቱስ?" አሉ። እኛ ያቺ አሥራ አምስት ሰከንድ እስክታልፍ ጨንቆናል፤ ባለቤቴ ሪሞቱን ይዞ ዘልሎ ሊያሳልፋት ተዘጋጅቷል። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ። አማቼ ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ "ውለዱ፣ ክበ—"፣ ካሬዎቹ፣ "አሜን!"

"መልሰው!" አሉ።

ባለቤቴ እያመነታ መለሰው።

"አቁመው። እዚያ ላይ አቁመው።" ጣታቸው ያረፈው አማቼ ላይ አልነበረም፤ ከኋላቸው፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ። "ያ ትልቁ መሶብ የኔ እኮ ነው! እናቴ የሰፋችልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም። ያቺ ነጠላ የለበሰችው ማን ናት፣ ብድግ ያደረገችው?"

ልጄ ምስሉን አጎላው። በ1998 ካሜራ የተነሳ ነው፣ ሲጎላ ፊቷ ሽሮ ይመስላል። አማቴ ግን "ቆይ ቆይ፣ አረማመዷን አውቀዋለሁ" አሉና እንደገና እንዲያስኬደው አዘዙ። በአምስተኛው ላይ ባለቤቴ አሰላ ላለችው እህቱ ስልክ ደወለ።