የጓጉንቸሩ ቁልፍ

ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው እንግዳው ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ሃይላንዱም ድንጋዩም መዝነብ ጀመረ። የሸሸው ተመልካች ደረጃውን እየተግተለተለ ወረደ፤ የታችኛው በር በጓጉንቸር ተቆልፏል።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡን!» አለ አስተናባሪው።

«ውጭ ቲኬት የሌለው ሁሉ ተኮልኩሏል። ብከፍት ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ሰው እየተጨፈለቀ ነው እኮ!»

«አለቃ ይዘዘኝ።»

ሁለት ደቂቃ ያህል በዚህ አለፈ። ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተነገራቸው ሌባ ስለመከልከል ብቻ ነው። ቲኬት የሌለውን የሚያስቀረው ግን ከበሩ ራቅ ብሎ የሚቆም የውጭ አጥር እንጂ ጓጉንቸር አይደለም። የመውጫ በር ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ተመልካች እስካለ ድረስ ቁልፍ የማይገባበት፣ ሰው ከአጠገቡ የማይጠፋ መሆን አለበት።

በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ሰው በላይ ሲታጨቅ አደጋው ይጀምራል፤ ስድስት ሰባት ሲደርስ እግር የራስ መሆኑ ያበቃል። ከዚያ ደረት ለመተንፈስ ቦታ ያጣል፤ ሰው እንደቆመ ይሞታል። እንደ ፈረንጆቹ በ1964 ሊማ ላይ ፔሩና አርጀንቲና ሲጫወቱ ከ300 በላይ ሰው ያለቀው ከአስለቃሽ ጭስ ሸሽቶ፣ ከደረጃው ግርጌ በተዘጉ የብረት በሮች ነው። ከመቀመጫቸው ያልተነሱት ተረፉ። በ2001 አክራ፣ በ2022 የኢንዶኔዥያዋ ማላንግም ጭስ ተተኩሶ ሕዝቡ መውጫው ላይ አለቀ፤ በማላንግ ብቻ 135 ሰው።

ስለዚህ ድብድቡ አጠገብዎ ካልሆነ ወደ በር አይሩጡ። አጠገብዎ ከሆነ በረድፉ ወደ ጎን ይራቁ። ጭሱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ደረጃው ይወርዳል፤ ወደ ላይ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይሂዱ። ዓይን አይታሽም፣ በብዙ ውኃ ይታጠባል። ግፊያ ውስጥ ከገቡ እጅዎን እንደ ቦክሰኛ ደረትዎ ፊት ይያዙ፣ አይጩኹ፣ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ። ግፊያው ላላ ባለ ቁጥር በሰያፍ ወደ ጎን ይውጡ፤ ከግድግዳና ከአጥር ይራቁ። ስልክም ጫማም ቢወድቅ ጎንበስ አይበሉ። ከወደቁና መነሳት ካቃተዎ በጎንዎ ተጠቅልለው ጭንቅላትዎን በክንድዎ ይሸፍኑ።

ያን ቀን ጓጉንቸሩ በብረት ተሰበረ። የሞተ የለም፤ የጎድን አጥንቱ የተሰበረ፣ ራሱን የሳተ ልጅ ግን ነበር። ሪፖርቱ «በሮቹ በሰዓቱ ተከፍተዋል» ይላል። አስተናባሪው አልፈረመበትም።