መጀመሪያ ውሃውን ቁጠሩት

የኢንቨስትመንት ዕቅድ ሲያሳዩኝ ቀድሜ የማየው የትርፉን ሠንጠረዥ አይደለም። ውሃው ስንት ይቀዳል፣ ስንትስ ይተካል? አብዛኛው ዕቅድ እዚህ ጋ ዝም ይላል።

በመካከለኛው እስያ ያለውን የአራልን ባሕር ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1960 በስፋቱ ከዓለም ሐይቆች አራተኛ ነበር። ሶቭየቶች ለጥጥ ብለው ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ሁለቱን ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ ወደ መስኖ ጠለፏቸው፤ ጥጡ በቀለ፣ ሪፖርቱም አማረ፣ ሐይቁ ግን እየሸሸ ሄደና ሙይናቅ በምትባለው የቀድሞ የወደብ ከተማ ዛሬ የዛጉ መርከቦች አሸዋ ላይ ተጋድመው ይታያሉ። ዓሣ አጥማጁን ማን ጠየቀው? እሱ ሠንጠረዡ ውስጥ የለማ!

ኖርዌይን ደግሞ በተቃራኒው እዩ፤ ለነዳጇ ገቢ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕግ ፈንድ አቋቋመች። ከ2001 ጀምሮ መንግሥት በአማካይ የሚያወጣው ፈንዱ ያተርፋል ተብሎ የሚጠበቀውን ያህል ነው፤ መጀመሪያ የፈንዱን 4 በመቶ፣ አሁን 3። ዋናውን ገንዘብ አይነኩም። (ነዳጁ የሚያበላሸው አየር ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።)

ወደ አራል ልመለስ። ካዛኽስታን እ.ኤ.አ. በ2005 የኮክ አራልን ግድብ ስትጨርስ በሰሜን በኩል ውሃው ከፍ አለ፣ ጨውነቱ ቀነሰ፣ ዓሣውም ተመለሰ። ግድቡ የያዘው ግን ትንሹን ክፍል ብቻ ነው። ደቡቡ መድረቁን ቀጠለ።