የማይሽረው ቁስል

የምሠራው ጎንደር ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ነው። የሥጋ ደዌ ታክመው የጨረሱ ሰዎች ወደኛ የሚመጡት በእግር ቁስል ነው። ባክቴሪያው ነርቭ ስለሚጎዳ እግራቸው ሕመም አይሰማውም። እሾህ ወግቷቸው፣ ጫማ ልጧቸው ሳያውቁት ይውላሉ።

አንዲት እናት ነበሩ። የ12 ወሩን መድኃኒት በሥርዓቱ ጨርሰዋል። ከእሳቸው ወደ ማንም አይተላለፍም። የውስጥ እግራቸው ቁስል ግን ሻረ ስንል ይብሳል። በየቀኑ እግራቸውን ውኃ ውስጥ እንዲዘፈዝፉ፣ ደረቁን ቆዳ እንዲፍቁ፣ ቫዝሊን እንዲቀቡ ነግረናቸዋል። "እሺ ልጄ" ይላሉ። ተመልሰው ሲመጡ እግራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ቸልተኛ ናቸው" የሚል ወሬ ክፍላችን ውስጥ ተጀመረ።

አንድ ቀን እግራቸው ሳፋ ውስጥ እያለ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"እማማ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?"

"የምን እንቅልፍ! ላሊበላዎቹ ሲመጡ እንኳ ነቅቼ ነው የሚያገኙኝ።"

ላሊበላዎችን የጎንደር ሰው ያውቃቸዋል። ሳይነጋ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑት ደዌው እንዳይዛቸው ነው ይባላል።

"እኔን መሆን ፈርተው ነው እኮ የሚያዜሙት" አሉኝ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ለደዌው ይወስዷቸው ከነበሩት መድኃኒቶች አንዱ፣ ክሎፋዚሚን፣ ቆዳ ያጠቁራል። ፊታቸው ሲጠቁር ጎረቤት "ባሰባት" አለ። የቡና ሲኒያቸው ለብቻ ተቀመጠ። እሳቸውም ቡናውን ተዉት። ልጃቸውን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች "ዘር ነው" ተብሎ ሲነገራቸው በዚያው ቀሩ።

"ታዲያ እግሬን ለማን ብዬ ልጠበው?"

የድባቴ መለኪያውን ቅጽ አወጣሁ። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይመለከታል። ዘጠነኛው ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው። ብዙ ባለሙያ ይህን መጠየቅ ይፈራል፤ ሐሳቡን የሚያመጣባቸው ይመስለዋል። አያመጣም። እንዲያውም የሚጠይቃቸው ያጡት ናቸው የሚያሳዝኑት።

"ሞቱንማ በየጸሎቴ እለምነዋለሁ። ራሴን እንዳላጠፋ ነፍሴን እፈራለሁ" አሉ።

ዕለቱን ለአእምሮ ጤና ባለሙያ አገናኘኋቸው። መድኃኒትና የምክር ቀጠሮ ተጀመረ። እሳቸው ሲፈቅዱ ልጃቸውን ጠራናት። በሽታው ከእናት በደም እንደማይወረስ፣ ታክሞ እንደሚድን ነገርናት። ልጅቱ አለቀሰች። ለካ እሷም ለብቻዋ ስትፈራ ነበር የኖረችው።

ወራት ፈጀ እንጂ ቁስሉ ሻረ፤ ማታ ማታ እግራቸውን የምትዘፈዝፍላቸው ልጃቸው ናት። ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ለቡና የምትጠራቸው ጎረቤትም እስካሁን አንዲት ብቻ ናት።

ክፍላችን ሁልጊዜ ወረፋ አለበት፣ ለወሬ ጊዜ የለንም እንላለን። እግር ሲዘፈዘፍ ግን 20 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ግድ ነው። አሁን በዚያች ሰዓት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ጎረቤት እንጠይቃለን። መልሱንም ከቁስሉ ስፋት ጎን ካርዱ ላይ እንጽፈዋለን።