የፒዮኒ ክረምት

የገብር ኄር እሑድ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቀበና

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ የግቢውን በር ገፋ አድርጌ ገና ሳልገባ ሽታው ተቀበለኝ። ትናንት ማታ ጫፉ ብቻ ላላ ብሎ የነበረው እምቡጥ ሌሊቱን ፈክቶ፣ ነጫጭ የአበባ ቅጠሎቹን እርስ በርስ ደራርቦ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ሆኖ አገኘሁት። ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ለረጅም ጊዜ አጠገቡ ቆምኩ። ሦስት ዓመት ተኩል የጠበቅሁት አበባ፣ ፒዮኒ የሚባለው የብርዳማ አገር ተክል አበባ፣ ይህ ነው።

ፒዮኒን የፈለግሁት ለመልኩ አልነበረም። አገራችን ለውጭ ገበያ በምታቀርበው ጽጌረዳ ስሟ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ከከተማው አበባ ሻጮች የምገዛው ጽጌረዳ ሁሉ ሽታ የሌለው መሆኑ ብዙ ጊዜ ያሳዝነኝ ነበር። ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁት፦ ለንግድ የሚመረጡት ዝርያዎች በጉዞ እንዳይጎዱና በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆዩ ተብለው የተዳቀሉ ስለሆኑ፣ በዚያ መካከል ሽታቸው ተረስቷል። እኔ ያደግሁት በጤና አዳምና በአሪቲ መካከል ስለሆነ፣ ሽታ የሌለው አበባ ለእኔ ግማሽ አበባ ነው። እህቴ ይህን ስለምታውቅ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በምትኖርበት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ በመዓዛው የተመሰገነ ፌስቲቫ ማክሲማ የሚባል ፒዮኒ መርጣ፣ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀትና የማስገቢያ ፈቃድ ተሟልቶለት፣ ሁለት ሥር ላከችልኝ። ዝርያው በፈረንሳይ አገር በ1851 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ነጭ ሆኖ መሐል ለመሐል የደም ጠብታ የመሰለ ቀይ ነጥብ አለው። ቀያዮቹ ፒዮኒዎች አብዛኛውን ጊዜ ሽታቸው ደካማ ነው፤ ነጩና ፈዘዝ ያለው ሮዝ ግን የሚያውድ ነው።

እህቴ በስልክ፣ «ክረምቱን ከመሬት በታች ተኝቶ ያሳልፋል፤ ክረምት ካላገኘ አያብብም» አለችኝ። እኔ በልቤ ያየሁት የእኛን ክረምት፣ ሐምሌንና ነሐሴን፣ ጎርፉንና ጭቃውን ነበር። እርሷ ደግሞ ያለችው መሬቱ እንደ ድንጋይ የሚጠጥርበትን፣ በረዶ ለወራት የሚተኛበትን ወቅት ነው። በእኛ አገር ክረምት ዝናብ ነው፤ ብርዱ የሚመጣው በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲረዝም ነው። አንዱ ቃል ሁለት ተቃራኒ ወቅቶችን መያዙን ያኔ አስቤው ቢሆን ኖሮ፣ ከጊዜዬ ብዙውን አላባክንም ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ግን ከዚያም የቀለለ ነበር። ሥሩ ወፍራምና ቡናማ፣ በአናቱ ላይ ቡቃያ የሚያወጡ ቀላ ያሉ ዐይኖች ያሉት፣ ከድንች ይልቅ ካሳቫ የሚመስል ነው፤ እኔም እንደ ድንች አስቤ አንድ ስንዝር ያህል ቀበርኩት። የፒዮኒ ዐይን በብርዳማ አገር እንኳ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበርም፤ እንደኛ ባለ ሞቅ ያለ አገር ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ይበቃዋል፤ ከዚያ ከጠለቀ ቅጠል ብቻ እንጂ አበባ አይሰጥም። የግቢያችን አፈር ደግሞ ውኃ የማያሳልፍ ጥቁር ዋልካ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ዝናቡ ሲበረታ አንደኛው ሥር በሰበሰ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቆፍሬ ሳወጣው በእጄ ላይ እንደ ሳሙና ሟሟ። የተረፈውን አውጥቼ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ በቀላቀልኩበት ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ በትክክለኛው ጥልቀት መልሼ ተከልሁት። በ2015 ዓ.ም. ያማረ ቅጠል ሰጠኝ። አበባ ግን አልሰጠኝም።

ነገሩን በቁም ነገር ማጥናት የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ዓይነቱ ፒዮኒ የዘሩ አገር ሳይቤሪያ፣ ሞንጎሊያና ሰሜን ቻይና ነው። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ተክል በመጸው ሙቀት ተታልሎ ቢያቆጠቁጥ ውርጩ ይገድለዋልና፣ ዐይኑ ለተወሰኑ ሳምንታት ቅዝቃዜ ካልቆጠረ በቀር ሙሉ በሙሉ እንዳይነቃ ሆኖ ተፈጥሯል። የሚቆጥረውም ከአምስት ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ያለውን ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ብርዷ ይበቃው ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ፣ ቴርሞሜትር ገዝቼ ከመደቡ አጠገብ ሰቀልሁ። በታኅሣሥ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ብርዱ ሲያማርር፣ እኔ ጎህ ሳይቀድ በባትሪ እየወጣሁ ቁጥሩን አነብ ነበር፦ ስምንት፣ ሰባት፣ አንድ ጊዜ ስድስት። በአራት ሰዓት ደግሞ ፀሐይዋ የሌሊቱን ብርድ ጠርጋ ትወስደዋለች። በ2016 ዓ.ም. ተክሉን ወደ ትልቅ ባልዲ አዛውሬ በግቢው ጥላማ ጥግ አስቀመጥሁና፣ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ በአፈሩ ላይ በረዶ አፈሰስሁበት። በረዶው ሳይነጋ ይቀልጣል፤ የተረፈኝ ረግረግ ያለ አፈር ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ያገለገለ ፍሪጅ ገዛሁ። ባለቤቴ ምንም ሳይቃወመኝ መደርደሪያዎቹን አወጣልኝ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቡናማ የሆኑትን ቅጠሎች ከአፈሩ አጠገብ ቆርጬ፣ ባልዲውን ከነተክሉ ፍሪጁ ውስጥ አስገባሁና ሙቀቱን ሦስት ዲግሪ አካባቢ አደረግሁት። ፍሬ የሚባል ነገር ከአጠገቡ አላስቀመጥሁም፤ ሙዝና ፖም ሲበስሉ የሚያወጡት ጋዝ ዐይኖቹን ያበላሻልና። በየሁለት ሳምንቱ አፈሩን በጣቴ እየነካሁ፣ ደርቆ ሲገኝ አንድ ስኒ ውኃ ብቻ አጠጣው ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር በሩን ማንም እንዳይከፍት እከለክላለሁ፤ አንድ ጊዜ መብራቱ ከማታ እስከ ማግስቱ ቀትር ጠፍቶ ሳለ፣ ፍሪጁን በሁለት ጋቢ ሸፍኜው አድሬያለሁ። በጥር 20፣ በስልሳ ስምንተኛው ቀን፣ አውጥቼ ለዐይኑ ገር በሆነው የጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀመጥሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አፈሩን ሰንጥቀው የወጡት ቡቃያዎች እንደ ቀይ ጣት ነበሩ። እንዲህ ያለ ቀለም ያለው ቡቃያ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም፤ በማግስቱ ጠዋት ልቆጥራቸው ወጣሁ፤ አምስት ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ ብቻ እምቡጥ ያዘ። የተቀሩት አራቱ ቅጠል ናቸው፤ ሥሩ ገና ስለደከመ ነው ብዬ እገምታለሁ።

እምቡጡ እንደ ሎሚ ሲከብድ ጉንዳን ወጣበት። አጥር ለአጥር የምንዋሰነው እማማ አይተው፣ «ልጄ፣ ጉንዳን ፈጀልሽ እኮ! ትንሽ አመድ ነስንሺበት» አሉኝ። እምቡጡ ከላዩ የሚያወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ አለ፤ ጉንዳኖቹ የሚመጡት እርሱን ሊልሱ ነው፤ አበባውን አይጎዱትም፤ ደግሞም አንዳንዶች እንደሚሉት እነርሱ ሳይከፍቱት የማይፈካ አይደለም። «እማማ፣ ይተዉአቸው፤ ማሩን ልሰው ይሄዳሉ» አልኋቸው። «እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ» ብለው ሄዱ።

ሽታው ምን እንደሚመስል ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሬ ስሞክር ነበር። ጽጌረዳ ነው፤ ከጽጌረዳ ጋር የሚጋራው ፌኒልኤታኖል የተባለ ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር አለውና። ነገር ግን ከሥሩ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ቅዝቃዜ አለው፤ ሲርቁት ይጎላል፤ አፍንጫን አስጠግተው ሲያሸቱት ደግሞ ይለሰልሳል። በረፋዱ ሙቀት ቀለል አለ፤ አሁን አመሻሽ ላይ ተመልሶ እስከ በረንዳው ድረስ ይሰማኛል።

እማማ ከሰዓት በኋላ ሊያዩት መጡ። ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ካሸተቱት በኋላ፣ «ይኼንን እንኳ ቆርጠሽ ለማንም እንዳትሰጪ» አሉኝ። አልቆርጠውም። ባልዲውን ለማታው ጤዛ እንዳይጋለጥ ወደ በረንዳው ጠርዝ አስጠግቼዋለሁ፤ ቅጠሉ በእርጥበት ሲቆይ ግራጫ ሻጋታ ይይዘዋል። ፍሪጁን አጥቤ በሩን ከፍቼ ትቼዋለሁ፤ እስከ ኅዳር ድረስ ባዶ ይቆያል።